አልበላሁም

«እንጉዳይ ነው አሉ። ከጫካ ለቅማ፣ ጠብሳ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ።»

«ኧረ ዝም በይ! ይቺ ትልቅ ሴት?»

«ትልቅነት ከመጎምጀት ያድናል እንዴ? ቀለሙ ሲያምራት ጊዜ ቀመሰችው። ደሞ ስንት ዓመት ሙሉ ስትመላለስበት ኖራ የለ? አንድ ቀን መቅመሷ የት ይቀራል!»

ሹፌሯ የቡናውን ፔርሙዝ በአንድ እጇ፣ የሲኒውን ትሪ በሌላው እጇ እንደያዘች ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ሲኒዎቹ ትሪው ላይ ተንቀጫቀጩ። ከመጋረጃው ማዶ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ድምፁን ሲሰሙ ጸጥ አሉ፤ ግን ዘግይተዋል። መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባችና ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወረወረችው ማለት ይቀላል።

«ማን ነው በላች ያላችሁ?»

አንደኛዋ የመንገዱ ማዕዘን ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤት ነበረች። ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። «ውይ እኅቴ፣ አላየንሽም። እግዜር ያጽናሽ…»

«እሱ ይቆየኝ። ማን ነው ያላችሁ?»

«እኛማ ከየት እናመጣዋለን? ባለቤቷ ናቸው ያሉት። በገዛ አፋቸው።»

ሹፌሯ ቤቱ ከገባች ገና ግማሽ ቀን አልሞላትም። የታላቅ እኅቷ ሞት ሲነገራት ከባድ መኪናዋን ሲሚንቶ ጭና ከአገሩ ሌላ ጫፍ ነበረች። ጎርፍ ድልድይ ወስዶ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር በሩቅ ዞራ፣ ሳትተኛ፣ ሳትቀምስ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። መኪናዋን ከነጭነቱ ደጁ ላይ ገትራ፣ መንገዱን በግማሽ ዘግታ ገባች። ዞር አድርጊው ያላት ሰው የለም። ፊቷን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣም።

እኅቷን «እታለም» ነበር የምትላት። እታለም ደግሞ እሷን «እሳቷ» ትላታለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቱግ ማለት ልማዷ ነው። እናታቸው «ይቺ ልጅ ክብሪት ሳይጫርባት ትነዳለች» ትል ነበር። የመንገድ ሥራ ትንሽ አብርዷታል፤ ቁልቁለት ላይ በንዴት የሚነዳ ሰው ዕድሜ የለውምና። አሁን ግን ፍሬኑ ተበጠሰ። እታለም እንጉዳይ በላች ከሚሏት፣ እታለም ክንፍ አውጥታ በረረች ቢሏት ታምን ነበር።

እታለም ቀለም መሸጫ ውስጥ ቀለም ቀያጭ ነበረች። ሰው የግድግዳ ስባሪ፣ የመጋረጃ ቅዳጅ፣ አንዳንዴም የልጁን ጫማ ይዞ ይመጣና «ልክ እንደዚህ» ይላታል። ናሙናውን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ከዚያ ነጩ ላይ ጠብታ ቡኒ፣ ጠብታ ቢጫ ታክልና ታማስለዋለች። በመጨረሻ ጣቷን ነክራ ናሙናውን ጫፉ ላይ ትቀባዋለች። ሲደርቅ የተቀባው ካልተቀባው ካልተለየ ሥራው አልቋል። የዕረፍት ቀኗ ሲመጣ ደግሞ ያው ዓይን ወደ ጫካ ይሄዳል። ዝናብ ሲያባራ፣ ከከተማው ጫፍ ባለው ጥድ ውስጥ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ጎንበስ ብላ የምትሄድ ሴት ካያችሁ እሷ ናት።

ሹፌሯ ጭነቷ በዚያ በኩል ባሳለፋት ቁጥር አብራት ትሄድ ነበር። ጫካውን ወዳ አይደለም፤ እታለምን ሌላ ቦታ እንደዚያ ስትደሰት ስለማታገኛት ነው።

«ነይ፣ ነይ እሳቷ፣ ቀስ! እንዳትረግጪው!»

ከወደቀ ግንድ አጠገብ አንድ እንጉዳይ ቆሟል። ቆቡ ቀይ፣ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ በእርጥበቱ የሚያብረቀርቅ።

«ሰው የጅብ ጥላ ብሎ ያልፈዋል» አለች እታለም። «አሁን ይሄ ለጅብ ይገባል?»

«ለጅብማ በዛ። የሙሽራ ነው።»

«ቀለሙን ግን እንዳታምኚው። ዝናብ ሲደጋግመው ነጠብጣቡ ታጥቦ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲመታው ቀዩ ብርቱካን ይሆናል። በቀለሙ ብቻ የለየው ሰው በሌላ ቀን መጥቶ ‹ይሄ ሌላ ነው› ይላል። ሥሩን እይ። ተኚ።»

«የት ልተኛ?»

«መሬት ላይ ነዋ! አልጋ ላንጥፍልሽ?»

ሁለት ትልልቅ ሴቶች እርጥብ ቅጠል ላይ በሆዳቸው ተኝተው ከቆቡ ሥር አንጋጠጡ። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ስስ ነጭ ነገር ሞልቶበታል። እግሩ ላይ የተቀደደ ቀለበት አለ፤ አፈሩን በጣቷ ገለጥ ስታደርገው ግርጌው እንደ ሽንኩርት አብጧል። እታለም እያንዳንዱን ታሳያት፣ ከዚያ ታሸተው፣ ከዚያ ደግሞ ትጠይቃት ነበር፤ «አሁን ያየሽውን ንገሪኝ» እያለች። ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ አገኙ፤ ቡኒ ቆብ፣ ከሥሩ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ቢጫ። እታለም በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ቢጫው ዓይናቸው እያየ ሰማያዊ ሆነ።

«ይሄ ደግሞ አንቺን ነው» አለች። «ነካ ሲያደርጉት ይለዋወጣል።»

ሲወጡ እታለም ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እያንቆረቆረች የሁለቱንም እጅ አስታጠበች። «ሳትታጠቢ አፍሽ አጠገብ እንዳታደርሺው» አለች፤ ሁልጊዜም ትላለች። ሁለት ሦስት ቆብ በቅርጫት ይዛ ትገባለች። ነጭ ወረቀት ላይ ደፍታ ታሳድራቸዋለች። ጠዋት ቆቡን ስታነሳው ወረቀቱ ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ቀርቶ ታያለች። ነጭ፣ ሮዝ፣ የዛገ ብረት የመሰለ ቡኒ። ዱቄቱ ምን ዓይነት እንጉዳይ እንደሆነ ይነግራታል። ከዚያ ቆቡን አጥር ሥር ትቀብረዋለች። በቃ። መብላት የሚባል ነገር ከዚህ ውስጥ የት አለ?

ሳሎኑ ከትምህርት ቤት በመጡ ወንበሮች ተሞልቷል። የእታለም ባል ርዕሰ መምህር ናቸው። ሹፌሯ ለእኅቷ ክብር ስትል ሁልጊዜም አንቱ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም አንቱታውን እንደሚገባቸው ነገር ይቀበሉታል። አንገታቸው ላይ ጥቁር ሻርፕ ጠምጥመው ለመጡት መምህራን እየተናገሩ ነበር፤ በኀዘን የሰለለ፣ ግን አሁንም ሰልፍ ላይ የሚሰማ ድምፅ።

«ሞቷ ከንቱ እንዲቀር አልፈልግም። ከለቅሶው በኋላ ተማሪዎቹን በየክፍላቸው ይዘን እንወጣለን። ጫካው ውስጥ ያለውን የጅብ ጥላ አንድ ሳያስቀሩ በእግራቸው ይረግጡታል። ምክትሌ ለልጆቹ አስታውቋል። ከእሷ ይማሩ።»

መምህራኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «ትልቅ ሐሳብ ነው» አለ።

ሹፌሯ የበሩን መቃን ተደግፋ ነበር። «ጋሼ፣ እታለም በላሁ አለችዎት?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በአፏ ነው የምጠይቅዎት። በላሁ አለችዎት?»

ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ ጣሉ። «ቅርጫቱ ወጥ ቤት ነበር። ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ሌላ ምን ይፈለጋል? ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ አንድ ቀን ይሄ ነገር ይገድልሻል ብያት ነበር።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ አንድ ነገር ሰማች። ኀዘን አልነበረም። ሒሳቡ ልክ የመጣለት ሰው ድምፅ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ወጣች፤ ሰው ተሰብስቧል፣ የእኅቷ ቤት ነው፣ ምንም ቢሆን የእኅቷ ባል ናቸው። ወደ መኪናዋ ሄደች። መሪው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ልታለቅስ ሞከረች፤ እንባው አልመጣም። ንዴት መንገዱን ዘግቶበታል።

እታለም እንጉዳይ ለምን እንደማትበላ የሚያውቁት ሁለቱ እኅትማማቾችና የሞተችው እናታቸው ብቻ ነበሩ። እታለም ገና ልጅ ሳለች፣ አንድ ቀን ከጫካ በቀሚሷ ሙሉ ነጭ እንጉዳይ ይዛ ገባች። ንጹሕ፣ እንደ ወተት የነጣ። እናታቸው ደስ ብሏት ሠራችው። እታለም ዝም ብላ ቀመስ ነው ያደረገችው፤ ታናሿን እያጎረሰች ማየት ነበር ደስታዋ። በማግሥቱ ታናሿ ሐኪም ቤት ነበረች። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ሰው አላውቅም አለች። ሐኪሞቹ እናትየዋን ወደ ጎን ወስደው «ጸልዪ» አሏት።

ዳነች። እንዴት እንደዳነች የነገራቸው ሰው የለም። እታለም ግን ያን ጊዜ አልጋው ሥር ተንበርክካ ማለች። እንጉዳይ የሚባል ነገር፣ ከጫካም ይምጣ ከሱቅ፣ ዳግመኛ አፏ ላይገባ። ሰርግ ቤት ሳህን ላይ ሲመጣ እንኳ ሳህኑን ትመልሰው ነበር። ሙሽራ ሆና በገዛ ሰርጓ መልሳዋለች።

ጫካ መሄድ የጀመረችውም ለቀለሙ አልነበረም። ያቺን ነጭ ልትፈልግ ነው። ልትበቀላት ይሁን ልታውቃት፣ ራሷም አታውቅም ነበር። ዓመታት ፈለገቻት። ስታገኛት ታናሿን ስልክ ደውላ ጠራቻት፤ ሹፌሯም ከጭነት መልስ በቀጥታ ሄደች። እታለም ከጥዱ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። አፈሩን በዱላ ገለጠችና ከግርጌው ያለውን ነጭ ከረጢት አሳየቻት።

«ይቺ ናት» አለች። «ይህን ከረጢት ከአፈር ውስጥ ትደብቀዋለች። ያን ጊዜ እኔ ከአንገቷ ነበር የቀነጠስኳት፤ አላየሁትም። አንቺን ልትወስድብኝ የነበረችው ይቺ ናት።»

«ታዲያ እርገጫት!»

«ለምን? እሷ ምን አደረገች? እሷ እዚህ ቆማ ነበር። ሳላውቃት የነቀልኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሳቀች። «ደሞ ስፈልጋት ስንቱን አየሁ መሰለሽ። ሐምራዊ አለ፣ ታምኛለሽ? ሐምራዊ! ያን ቀለም እኔ ሱቅ ውስጥ ቀይጬ አላውቀውም።»

ከሰዓት በኋላ እታለምን የተቀበለቻት ነርስ መጣች። ከጤና ጣቢያው የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ካፖርት ደርባበት ነው የመጣችው። ሳሎን ገብታ ትንሽ ተቀመጠች፤ ርዕሰ መምህሩን ሳታያቸው ወጣች። ሹፌሯ የመኪናውን ጎማ ስትፈትሽ አገኘቻት። የሚፈተሽ ነገር የለውም፤ እጇ ሥራ ፈልጎ ነው።

«ታናሿ ነሽ አይደል? ትመስያታለሽ» አለች ነርሷ። «የቤቴን ቀለም እሷ ናት የቀየጠችልኝ። አንድ ነገር ልንገርሽና ልሂድ፤ ሆዴ ውስጥ ሊያድር አልቻለም።»

«ንገሪኝ።»

«በበር ስትገባ ትንፋሿ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ከታች በቀኝ በኩል ስነካት፣ እንደዚያ ደክማ እንኳ፣ ጮኸች። ትኩሳቷ ለጉድ ነው። ትርፍ አንጀት ነው፣ ፈንድቷል። ቀድማ ብትመጣ ሆስፒታል ተልካ በቀዶ ጥገና ትድን ነበር። በየጊዜው እንልካለን እኮ፣ ልጆች እንኳ በሳምንቱ ይሮጣሉ።»

ሹፌሯ በእጇ የያዘችውን የጎማ መፍቻ ጎማው ላይ አስቀመጠችው። «እና እንጉዳይ የሚሉት?»

«እሳቸው ናቸው ሲገቡ ያሉት። እኔም ሐኪሙም ግን ምን እንደሆነ ለባለቤቷ ነግረናል። እዚያው ነግረናቸዋል። ከዚያ እዚህ ስመጣ ሰፈሩ ሁሉ እንጉዳይ ይላል።»

«ነግራችሁታል።»

«ሁለታችንም።»

ሹፌሯ መፍቻውን አንስታ መኪናው ውስጥ ወረወረችው። ሰው ቢሳሳት ይሳሳታል። ይሄ ግን ያውቃል። አውቆ፣ የሚስቱ አፈር ሳይደርቅ፣ ሞኝ አድርጎ ለመንደር እየበተናት ነው።

ከጓዳው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የርዕሰ መምህሩ እናት አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። በዕድሜ ብዛት እግራቸው አይታዘዝም፤ ጆሯቸውም አይሰማም ይባላል። እታለም ነበረች የምታበላ የምታጠጣቸው። ሹፌሯ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ያን ሌሊት እዚህ ነበሩ። እኅቴ ምን አለች?»

«አይሰማኝም ልጄ» አሉ አሮጊቷ፤ ግድግዳውን እያዩ።

«ይሰማዎታል።»

«አይሰማኝም።»

«ግድግዳው ስስ ነው እማማ። ባለ ሱቋ ከሳሎን ስታንሾካሹክ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

አሮጊቷ የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ ይዘው ማጠፍ ጀመሩ። አጥፈው፣ ዘርግተው፣ መልሰው አጠፉት። ሹፌሯ ብድግ ብላ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

በማግሥቱ መምህራኑ ምክትሉን ይዘው ተመልሰው መጡ። ጉዞው የሚደረግበትን ቀን ሊቆርጡ ነው። ሳሎኑ ጢም ብሏል። ምክትሉ ልጆቹ ጫማ እንዲያደርጉ፣ ዱላ እንዲይዙ፣ የረገጡትንም በእጃቸው እንዳይነኩ ሲያስረዳ ሹፌሯ መሀል ሳሎን ገብታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ የነገሩህን ለእነዚህ ሰዎች ንገር።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሰማው «የነገሩህን» የሚለውን ነው። አንቱታው ወድቋል። ባለ ሱቋ ሲኒዋን ከአፏ ሳታወርድ ቀረች።

«አንቺ ልጅ» አለ ርዕሰ መምህሩ በዝግታ፣ «ለቅሶ ቤት ነው።»

«ለቅሶ ቤት መሆኑን አውቃለሁ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ነው የጠፋኝ። እናንተ የምታለቅሱላት ሴት ያገኘችውን ከመሬት እያነሳች የምትጎርስ ሞኝ ናት። እሷን አላውቃትም። እኔ እኅቴን ላለቅስ ነው የመጣሁት።»

«ደክሞሻል። መንገድ…»

«ትርፍ አንጀት ነው አሉህ አይደል? ፈንድቷል አሉህ አይደል?»

«እሱ ግምት ነው። እኔ ያየሁትን…»

«ያየኸውን ተወው። የሰማኸውን ንገረኝ። አልበላሁም አላለችህም?»

ሰው ሁሉ ርዕሰ መምህሩን ሲያይ፣ ከጓዳው በኩል የሚንፏቀቅ ነገር ተሰማ። አሮጊቷ ናቸው። ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ እስከ መጋረጃው ደርሰዋል።

«ብላለች» አሉ።

«እማዬ፣ ግቢ…»

«‹አልበላሁም፣ በልጅነቴ ምዬ ትቼዋለሁ፣ ሆዴን በዚህ በኩል ነው› ብላሃለች። ደጋግማ ብላሃለች። አንተ ‹ወተቱን ጠጪ፣ የበላሽውን ትተፊዋለሽ፣ ይሄ ጥፋትሽ ነው› አልካት። ሲነጋ ሐኪም ቤት ውሰደኝ ስትልህ ‹የርዕሰ መምህር ሚስት የጅብ ጥላ በልታ ልታዋርጂኝ ነው› አልካት። ሥራ ሄድክ። ስትመለስ ነው የወሰድካት።» ትንፋሽ አጠራቸው። «እኔ ደንቆሮ አይደለሁም። በዚህ ቤት ደንቆሮ መሆን ስለሚያሳርፍ ነው። ልጄ ነህ፣ ፈራሁህ። አሁን ግን የምፈራበት ዕድሜ አልቋል።»

ሹፌሯ ሮጣ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ርዕሰ መምህሩ ሻርፑን ከአንገቱ ፈታው፤ ያነቀው ይመስል።

«ትክክል ነኝ ብዬ ነበር» አለ። ለማን እንደተናገረው አልታወቀም። «ስንት ዓመት ነግሬያት… በቃ፣ የፈራሁት ደረሰ አልኩ። እሷ አይደለም ስትለኝ፣ አሁንም ልትከራከረኝ ነው አልኩ።»

«እሷ እየሞተች ነበር» አለች ሹፌሯ። «አንተ ክርክር እያሸነፍክ ነበር።»

እሱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ። ለልጆቹ የተነገረውን ውሸት እዚያው፣ በዚያው አፍህ ታነሳዋለህ። አለዚያ ይህን መኪና በራችሁ ላይ ገትሬ፣ ጡሩምባ እየነፋሁ እኔ እነግራቸዋለሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ።»

እንደምታደርገው ሁሉም ያውቃል።

ሄደ። ጠዋት ተማሪዎቹ በተሰለፉበት ግቢ፣ ሹፌሯ ከበሩ ብረት ውጭ ቆማ እያየችው፣ ካፖርቱን ሳይቆልፍ ፊታቸው ቆመ። ድምፅ ማጉያውን ምክትሉ ሲያቀብለው አልተቀበለውም። ከኋላ ያሉት ልጆች ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ባለቤቴ እንጉዳይ አልበላችም» አለ። «ታማ ነበር። አልበላሁም አለችኝ፤ አላመንኳትም። ሐኪም ቤት ውሰደኝ አለችኝ፤ አልወሰድኳትም። የተነገራችሁ ሁሉ ውሸት ነው፤ ውሸቱም የእኔ ነው።» ልጆቹ ያልቅስ አያልቅስ እያዩት ነበር። «ወደ ጫካ የሚሄድ የለም። ያገኛችሁትን አትብሉ። ግን አትርገጡት። እሷ… እሷ አይታ ነበር የምታልፈው።»

ተመልሶ ሲወጣ በሹፌሯ አጠገብ አለፈ። ቆም አለ።

«ይቅር እንደማትዪኝ አውቃለሁ።»

«አልልህም» አለች።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሹፌሯ እዚያው ቆመች። ይህን ስታገኝ ደረቷ የሚቀላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። ሲሚንቶው እንዳለ ትከሻዋ ላይ ነው።

ቤት ስትደርስ ባለ ሱቋ ከሌላ ጎረቤት ጋር በረንዳው ላይ ተጠጋግተዋል። «እሱ ነው የገደላት አሉ። ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም…»

ሹፌሯ ደረጃው ላይ ቆመች። «ትናንት እሷ ነበረች፣ ዛሬ እሱ ነው። ነገ ተረኛው ማነው? እኔ ነኝ?»

«ኧረ እኛ ስላዘንንላት…»

«አታዝኑላትም። የቀየጠችላችሁን ቀለም እንኳ አታውቁም፤ የሱቅሽን በር አረንጓዴ ማን እንደቀየጠልሽ ረስተሻል። ወሬ በኩንታል የሚጫን ቢሆን እኔ መኪና አይበቃኝም ነበር። ቡናችሁን ጠጡና ሂዱ።»

ሄዱ። ባለ ሱቋ አጥሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየች፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ነበር፣ ኀፍረት ሳይሆን አይቀርም። ሹፌሯ ግን ያንንም ልታይላት አልፈለገችም።

ጭነቱን የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ደጋግሞ ደውሏል። ሹፌሯ ጃኬቷን ለበሰች፤ ቁልፏን ያዘች። አሮጊቷን ተሰናብታ ልትወጣ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባች። ቁማ ነው የምትሰናበተው። እሳቸውንም አልማረቻቸውም፤ ያን ሌሊት በመስኮት አንድ ጊዜ ቢጮኹ ጎረቤት በሰማ፣ እኅቷም በኖረች።

አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከብርድ ልብሱ ጋር ይታገላሉ። የአመልካች ጣታቸው ጥፍር በሱፉ ክር ተይዟል። ሲጎትቱት ክሩ አብሮ ይሳባል።

«ቆይ፣ ይተዉት» አለች ሹፌሯ። ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጥፍሩ ረዝሞ ጫፉ ተሰንጥቋል። የሁሉም ጣቶቻቸው እንደዚያው ነው።

«እሷ ነበረች የምትቆርጥልኝ» አሉ አሮጊቷ። ልመና አልነበረውም፤ ዝም ብለው ነው የተናገሩት።

የሹፌሯ ስልክ በጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነዘረ፤ አላነሳችውም። ጠረጴዛው ላይ ካለው ሰሀን ውስጥ ጥፍር መቁረጫውን አነሳች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአሮጊቷን እጅ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ቀላል፣ ቆዳው እንደ ስስ ወረቀት የሚንሸራተት እጅ ነው። መሪ የለመደ ጣቷ መቁረጫውን በወጉ አልይዝ አላት። የመጀመሪያውን ቆረጠች። ሁለተኛውን ስትይዝ ዓይኗ ጭጋግ ሆነ፤ እንባዋ ሳይጠይቃት፣ ያ ሁሉ ንዴት እንዳለ ሆኖ፣ በአሮጊቷ እጅ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«አሳመምኩዎት?» አለች፤ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች።

«የለም» አሉ አሮጊቷ። «ቀጥዪ።»

ቀጣዩን ጣት ያዘች።